ታንታል በእናት ድምፅ ይጣራል

ነፋሱ ቀትር ላይ ተነሳ። በጤግሮስና በኤፍራጥስ መካከል በተዘረጋው ረግረግ የሚኖሩት የሩፈያ መንደር ሰዎች የብርድ ወራትን ነፋስ ከልጅነታቸው ያውቁታል፤ ያን ቀን ግን ሳያስጠነቅቅ መጣ። መጀመሪያ ሸምበቆው ተኛ፣ ቀጥሎ ውሃው ነጣ፣ ከዚያ ከየቤቱ ጣሪያ የሸምበቆ ሰሌን እየተላጠ መብረር ጀመረ። ወንዶቹ ጎሾቻቸውን፣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ለመሰብሰብ ሲሯሯጡ ማታራ የሰባት ዓመት ልጇን ሻዝራን ፈለገች። ልጅቷ ጠዋት ለጥጃዋ ለምለም ሣር ላጭድ ብላ በትንሿ ታንኳ ወጥታ ነበር። አልተመለሰችም።

የማታራ ባል ለቴምር ሥራ ባስራ ወርዷል። ስለዚህ ፍለጋውን የመሩት አባቷ ዛይር ዳኺል ነበሩ፤ ቅዱስ ስፍራ ተሳልሞ የተመለሰ ሰው «ዛይር» እየተባለ ይከበራል። ዳኺል ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ክንዳቸው ከዘንግ መግፋት ብዛት እንደ ገመድ የተገመደ ሰው ናቸው። አሥራ ሁለት ታንኳ እስኪመሽ ድረስ በረግረጉ ተበተነ። «ሻዝራ!» የሚለው ጥሪ ከነፋሱ ጋር እየተጋፋ በየሸምበቆው ገባ። የመለሰ አልነበረም።

ማታ ወንዶቹ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ሲመለሱ ጎረቤታቸው ሱዌሊም ወደ እሳቱ ቀረበና ያየውን ተናገረ። በትልቁ ውሃ አፍ ላይ የልጅቷን ታንኳ አይቷል። ሦስት ጊዜ በስሟ ጠርቷታል። ልጅቷ ዞር ብላ አየችው፤ ከዚያ አንገቷን ደፍታ እንደ ዳክዬ ወደ ሸምበቆው ሾለከች። ሲከተላት ነፋሱ ታንኳዋን ወደ ሰፊው ውሃ ገፍቶ ከዓይኑ ሰወራት።

«ሰምታኛለች» አለ ሱዌሊም። «እምላለሁ፣ ሰምታኛለች።»

ሁሉም የሚያስበውን ሁሉም ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን አልነበረም።

በሩፈያ የረግረጉን ጭራቅ ታንታልን እንደ ዳኺል የሚተርክ ሰው የለም። ልጆች ሲመሽ በእሳቸው ምድጃ ዙሪያ ይኮለኮላሉ። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ታንታል እንደ ቴምር ዛፍ ረጅም፣ እንደ ሬንጅ ጥቁር እንደሆነ ይነግሯቸዋል። ሲያሻው ጥጃ፣ ሲያሻው ግንድ፣ ሲያሻው ዘመድ ይሆናል። ሸምበቆ ውስጥ ቆሞ በእናትህ ድምፅ፣ በአያትህ ድምፅ፣ በስምህ ሦስት ጊዜ ይጠራሃል። ከመለስክ ወሰደህ። የሚፈራው መርፌና ወስፌ ብቻ ነው። ልጆቹ ይህን ሰምተው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ የእናታቸውን ቀሚስ ይዘው ነው። እናቶቹም ዳኺልን ያመሰግኗቸዋል፤ ምክንያቱም ደጃፉ ሁሉ ውሃ በሆነበት መንደር ልጅን በጨለማ ከቤት እንዳይወጣ ከመከልከል የሚበልጥ ጥበብ የለም።

ማታራ በአባቷ ፊት ቆመች። አላለቀሰችም።

«አባዬ፣ ልጄ እየሸሸች ያለችው እኛን ነው» አለች። «ስሟን በጠራን ቁጥር ትርቃለች። ይህን ያስተማርካት አንተ ነህ።»

ጎህ ሲቀድ ዳኺል ጠባቧን ታንኳ አወጡ፤ ባለ አምስት ጥርሱን የዓሣ ጦር፣ ሁለት የሩዝ ቂጣና አንድ ብርድ ልብስ ጫኑ። ሌሎቹ ወንዶች ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ተከፋፈሉ። እሳቸው ነፋሱ የገፋበትን አቅጣጫ መረጡ። የሚቀዝፍ ጎልማሳ ይዘው እንዲሄዱ ሱዌሊም ሊለምናቸው ሞከረ፤ ማታራ ግን መቅዘፊያውን አንስታ ቀድማ ተቀምጣ ነበር።

ትልቁ ውሃ ገና አልበረደም። ከሸምበቆው ጥላ እንደወጡ ማዕበሉ ታንኳዋን አንስቶ ቁልቁል ጣላት። ዳኺል ከኋላ ቆመው ረጅሙን ዘንግ ወደ ጭቃው እየወጉ ገፉ፤ ዘንጉ ታች መድረስ ሲያቅተው ተንበርክከው መቅዘፍ ጀመሩ። ውሃው በጎን እየዘለለ ገባ። ማታራ በአንድ እጇ ትቀዝፋለች፣ በአንዱ በድስት ክዳን ውሃ ትጨልፋለች። ጣቶቿ ደነዘዙ። መሃል ሲደርሱ አንድ ትልቅ ማዕበል የታንኳዋን አፍንጫ ወደ ጎን አዞረውና ቂጣቸውም ብርድ ልብሳቸውም በውሃ ተነከረ።

«ወደ ማዕበሉ አዙሪያት! ጎንሽን አትስጪው!» ብለው ጮኹ ዳኺል።

አዞረቻት። ታንኳዋ ወደ ላይ ወጣች፣ ወደቀች፣ ደግማ ወጣች። ማታራ በዚህ ውሃ ላይ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ብቻዋን ጭልፋ በምታህል ታንኳ ስትንሳፈፍ ባሰበች ቁጥር አጥብቃ ትቀዝፍ ነበር። ፀሐይ ከፍ ስትል ነፋሱ መላላት ጀመረ፤ ከፊታቸውም የምሥራቁ ሸምበቆ እንደ ግንብ ቆመ።

ሸምበቆው የሁለት ሰው ቁመት ነበረው። ውስጡ ሲገቡ ነፋሱ ከላይ ቀረ፤ ከታች ደረቅ ቅጠል ሲንሿሿ ብቻ ይሰማል። ዳኺል በቀስታ እየገፉ ግራና ቀኙን አነበቡ። የተሰበረ ሸምበቆ፣ የተነሳ ይብራ፣ በውሃው ላይ የተንሳፈፈ ነጭ ነገር። ማታራ ጎንበስ ብላ አነሳችው። የተላጠ የፊላ ሥር ነው፤ በትንንሽ ጥርስ ተግጧል። እጇ ውስጥ ጨብጣ ያዘችው።

«ትናንት የተበላ ነው» አሉ ዳኺል። «ልጅቷ ራሷን መመገብ ታውቃለች።»

«ያንንም አንተ ነህ ያስተማርካት» አለች ማታራ። ድምፅዋ ከጠዋቱ ትንሽ ላላ ብሎ ነበር።

ከፊታቸው ሥሩ ተጠላልፎ የተሠራ ተንሳፋፊ ደሴት ተጋድሟል። በላዩ ላይ የተረጋገጠ ሣር ይታያል። ዳኺል ልጅቷ ያደረችበት መስሏቸው ጦሩን በታንኳው ትተው ዘለው ወረዱ። መሬቱ ከእግራቸው በታች ተወዛወዘ። አሥር እርምጃ እንደሄዱ ሣሩ የልጅ መኝታ እንዳልሆነ ገባቸው፤ በጣም ሰፊ ነው፣ ይሸታልም። ለመመለስ ሲዞሩ ሸምበቆው ተሰነጠቀና ግልገሎቿን የደበቀች እናት ከርከሮ እንደ ድንጋይ ተወርውራ መጣች።

ለመሸሽ ጊዜ አልነበረም። ከርከሮዋ ጭናቸውን መታ ጣለቻቸው፣ ዞራ እንደገና መጣች። ዳኺል በጀርባቸው ተኝተው በጤነኛው እግራቸው ግንባሯን ረገጡ። ትንፋሿ ፊታቸው ላይ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ማታራ ከታንኳው እንዴት እንደወረደች ሳታውቀው ጦሩን በሁለት እጇ ይዛ ደረሰችና በከርከሮዋ ትከሻ ላይ ሰካችው። አውሬዋ ጮኸች፤ ጦሩን ከነዘንጉ ነጥቃ ወደ ሸምበቆው ገባች፤ ግልገሎቹም ተከተሏት።

የዳኺል ጭን ከጉልበት በላይ በረጅሙ ተቀዷል። ማታራ ሻሿን ፈትታ አጥብቃ አሰረችው። ደሙ መጀመሪያ ሻሹን አራሰው፤ ቆይቶ ቆመ።

«መመለስ አለብን» አለች።

«ወዴት?» አሉ ዳኺል። «ከዚህ ወደ ሩፈያም ወደ ልጅቷም እኩል ሩቅ ነው። ግፊ።»

ቦታ ተለዋወጡ። አሁን ማታራ ቆማ ዘንጉን ትገፋለች፣ አባቷ ተቀምጠው መንገድ ያሳያሉ። ከሰዓት በኋላ ጠባብ የውሃ መንገድ አገኙ፤ መንገዱ ግን በተተከሉ እንጨቶችና በመረብ ከዳር እስከ ዳር ተዘግቷል። ከመረቡ ወዲያ በሸምበቆ ክምር ላይ አንድ ጎጆ አለ፤ ደጃፉ ላይ ጠመንጃ የያዘ አጭር ሰው ቆሟል።

ዳኺል አወቁት። መረብ ጣዩ ጀሐይሽ ነው። ስሙ ውርንጭላ ማለት ነው፤ ስድስት ልጆች የሞቱባት እናቱ፣ ሞት ንቆ እንዲያልፈው ያወጣችለት ስም ነው። ጎሽ የሚያረቡት የሩፈያ ሰዎች ዓሣን በጦር ይወጋሉ እንጂ በመረብ አያጠምዱም፤ መረብ የሚጥለውን ሰው ይንቁታል፣ ልጃቸውን አይድሩለትም፣ ከሰሃኑ አይበሉም። ባለፈው ዓመት ደግሞ የሩፈያ ጎረምሶች የጀሐይሽን መረብ በማጭድ ቆራርጠው ሲስቁ ተመልሰዋል። ዳኺል ያኔ ጎረምሶቹን አልተቆጡም።

«ዛይር ዳኺል» አለ ጀሐይሽ አፈሙዙን ሳያወርድ። «መረቤን ቀደዳችሁ። ዛሬ ደግሞ ምን የቀረ የሚቀደድ ነገር አግኝተው መጡ?»

ዳኺል ስለ ልጅቷ ነገሩት። እየተናገሩ ሳለ ማታራ ከጎጆው ኋላ የታሰረች ትንሽ ታንኳ አየች። በአፍንጫዋ ላይ ሰማያዊ ዶቃ ተሰክቷል። ማታራ ታንኳቸው እስኪወዛወዝ ድረስ ወደ ፊት ተራመደች።

«ያቺ የልጄ ታንኳ ናት። ልጄስ?»

ጀሐይሽ ጠመንጃውን አወረደ። የሰውየው ፊት ተለዋወጠ፤ ከቁጣ ወደ እፍረት የሄደ ይመስል ነበር። ሚስቱ ከጎጆው ወጥታ ስትገፋፋው ያየውን ተናገረ። ጎህ ሲቀድ መረቡን ሊያይ አዝራቅ ወደሚባለው ጉብታ ሄዶ ነበር። አዝራቅ የጥንት ሰዎች ከተማ የተቀበረበት የሸክላ ስብርባሪ ክምር ነው፤ ታንታል የሚያድረው እዚያ ነው ስለሚባል ሰው አይወጣበትም። ባዶ ታንኳ ስትንሳፈፍ አገኘ። ቀና ሲል ጉብታው ላይ አንድ ነገር ቆሟል፤ ትንሽ፣ ጭቃ የለበሰ፣ ጸጉሩ እንደ ጃርት የቆመ። ማን ነህ ብሎ ጠራው። ነገሩ አልመለሰም። ደግሞ ሲጠራው የጭቃ ጓል ወረወረበትና በቀጭን ድምፅ መርፌና ወስፌ አለኝ እያለ ጮኸበት።

«እኔም ቀዘፍኩ» አለ ጀሐይሽ። «ታንታል መሰለኛ።»

«ታንታል መርፌና ወስፌ አለኝ ይላል?» አለች ሚስቱ። «ከጠዋት ጀምሮ ይህንን ነው የምጠይቀው። እናትህ ስምህን ዝም ብላ አላወጣችልህም።»

ማታራ የሳቅና የልቅሶ ድምፅ ከአንድ ላይ አወጣችና አፏን በእጇ ያዘች። ልጇ ዛሬ ጠዋት በሕይወት ነበረች። ጓል ለመወርወር የሚበቃ ጉልበትም ነበራት።

ጀሐይሽ መረቡን ለመክፈት ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ዳኺልን ተመለከታቸው። እከፍታለሁ፣ መንገዱንም እመራለሁ፣ አለ። በመጀመሪያ ግን ዛይር ከቤቴ እህል ይቅመሱ።

ሚስቲቱ የተጠበሰ ዓሣ በሩዝ ቂጣ ላይ አድርጋ አቀረበች። ዳኺል በጎልማሳነታቸው አንድ መረብ ጣይ ውሃ የጠጣበትን ጣሳ ከነውሃው ወደ ሐይቅ ወርውረው ነበር። አሁን ዓሣውን አዩ፣ ሰውየውን አዩ፣ እጃቸውን ዘረጉና ቆርሰው ጎረሱ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም ነበር። ሁለተኛውን ጉርሻ ማንም ሳይጋብዛቸው አነሱ። ጀሐይሽ ይህንን አይቶ እንጨቶቹን ከጭቃው የነቀላቸው እየሮጠ ነው።

አዝራቅ የደረሱት ፀሐይዋ ለመጥለቅ ሁለት ዘንግ ያህል ሲቀራት ነው። ጉብታው ከውሃው ላይ እንደ ጎሽ ጀርባ ወጥቷል፤ ዙሪያውን ወፍራም ሸምበቆ ከቦታል፤ ከምሥራቁ ወገን ደግሞ ዘንግ ታቹን የማያገኘው ጥቁር ጥልቅ ውሃ አለ። ጉብታው ላይ ማንም አይታይም። ማታራ ዘላ ወርዳ ጠራች።

«ሻዝራ! ሻዝራዬ፣ እናትሽ ነኝ!»

ከምሥራቁ ሸምበቆ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። የሸምበቆው ጫፍ እየተነቃነቀ ወደ ጥልቁ ውሃ ሄደ። ማታራ ስትሮጥ ንቅናቄው ፈጠነ። ደግማ ጠራች፤ ውሃ ሲንቦጫረቅ ተሰማ።

«ቁሚ!» አሉ ዳኺል። «አንድ እርምጃ ከጨመርሽ ልጅቷ ጥልቁ ውስጥ ትገባለች።»

ማታራ ባለችበት ደረቀች። የገዛ ልጇ ከእሷ ሠላሳ እርምጃ ርቃ፣ በብርድ ውሃ ውስጥ እስከ ወገቧ ተነክራ፣ ድምፅዋን እየሰማች ትሸሻለች። ጀሐይሽ በታንኳ ዞሬ ልያዛት አለ፤ ዳኺል እጃቸውን አንስተው ከለከሉት። ከታንኳዋ እየተንፏቀቁ ወርደው፣ የቆሰለ እግራቸውን በሁለት እጃቸው ስበው ሸክላው ላይ ተቀመጡ። ፊታቸውን ከሸምበቆው አዞሩ፤ ልጅቷ እሳቸውን ስታይ የሚያሳድድ ሰው እንዳይመስሏት።

«ሻዝራ፣ አያትሽ ነኝ» አሉ። «አትመልሺልኝ። ዝም ብለሽ ስሚኝ።»

ንቅናቄው ቆመ።

ታንታልን የሰሙት ከእናታቸው፣ እናታቸውም ከእናቷ እንደሆነ ተናገሩ። በስልሳ ዓመታቸው ግን አንድ ቀን አይተውት አያውቁም። ሩፈያ ውስጥ ሌሊት ግድግዳ የሚያንኳኳው፣ የጎሽ ቆዳ ለብሶ በየደጃፉ የሚያቃስተው እሳቸው ናቸው። በየወሩ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ልጆች እንዳይረሱ። ይህን ሲሉ ማታራ ወደ አባቷ ዞራ አፈጠጠች፤ እሷም አታውቅም ነበር።

«ካዚም የሚባል አጎት ነበረሽ» አሉ። ማታራ ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ይህን ስም ከአባቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። «አምስት ዓመቱ ነበር። አንድ ሌሊት ጥጃው ሲጮህ ሰምቶ ብቻውን ወጣ። ጠዋት ከደጃፋችን ስር አገኘሁት። የሆነውን ለማንም ልጅ መናገር አልቻልኩም። ታንታልን መናገር ቀለለኝ።»

ፀሐይዋ ወረደች። ጀሐይሽ በታንኳው ውስጥ ኮፍያውን አውልቆ ይዟል።

«ሌላም አለ» አሉ ሽማግሌው፤ በልባቸው የተከማቸውን ከየጥጉ ጠርገው እንደሚያወጡ ሁሉ። «ባለፈው ወር የእናትሽ ትልቁ የእርጎ ማሰሮ ሌሊት ተሰብሮ አደረ። በጨለማ ሳንኳኳ በዘንጌ የመታሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ከሸምበቆው ውስጥ ቀጭን፣ የሻከረ ድምፅ መጣ።

«አንተ ነህ?»

ማታራ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ አባቷ በእጃቸው ዝም አሰኟት።

«እኔ ነኝ።»

«እናቴ እኮ እኔን ነው የገረፈችኝ። አልሰበርኩም ብዬ ማልኩ። ማንም አላመነኝም።»

«አውቃለሁ። ስትገረፊ እዚያው ተቀምጬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አፈርኩ።»

ውሃው ተንቦጫረቀ፤ አሁን ግን ወደ እነሱ ነው። ሸምበቆው ተከፈተና ሻዝራ ወጣች። ከራሷ እስከ እግሯ ጭቃ ናት፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ በእጇ የሾለ የሸምበቆ ስንጥር እንደ መርፌ ይዛለች። እናቷን አልፋ ቀጥ ብላ ወደ አያቷ ሄደች፤ ስንጥሯን ጣለችና በትንሽ ቡጢዋ ደረታቸውን ሁለት ጊዜ መታቻቸው። ሦስተኛውን ልትመታ ስታነሳ እጇ አቅም አጣ። አንገታቸው ላይ ተጠመጠመችና ሁለት ቀን ያጠራቀመችውን ልቅሶ ለቀቀችው። ማታራ ሁለቱንም ከላይ አቀፈቻቸው። ልጅቷን ትስማለች፣ ጭቃውን ትተፋለች፣ ስለ ማሰሮው ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ደግማ ትስማለች።

ያን ሌሊት በጀሐይሽ ጎጆ አደሩ። ሚስቲቱ ሻዝራን በሙቅ ውሃ አጥባ በራሷ አልባሳት ጠቀለለቻት፤ የዳኺልንም ቁስል በሞቀ የጨው ውሃ አጥባ አሰረችው። ልጅቷ አንድ ሙሉ ዓሣ በላች። ከዚያ ጀሐይሽን ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየችና ጠዋት የሸሸው ሰው እሱ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ሥራ ስለነበረብኝ ነው» አለ ጀሐይሽ። ሚስቱ እስክታነባ ሳቀች። ዳኺልም ሳቁ፤ ጭናቸውን እያመማቸው፣ እያቆሙ፣ እንደገና እየጀመሩ።

በማግስቱ ውሃው እንደ ዘይት ረግቶ ነበር። ጀሐይሽ ጠባቧን ታንኳ ከኋላው አስሮ በሰፊ ጀልባው ወሰዳቸው። ዳኺል ተጋድመው ሰማዩን ሲያዩ ሄዱ። ከዚህ በኋላ ምድጃቸውን ለሚከቡ ልጆች ምን እንደሚነግሯቸው እያሰቡ ነበር፤ ስለ ካዚም ይነግሯቸዋል። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ውሃው እንዴት እንደወሰደው። ስሙን በልባቸው ሲደጋግሙት ትናንት እንደወጋቸው አልወጋቸውም።

ትልቁን ውሃ አጋምሰው ሲያልፉ በሩቅ የሩፈያ ታንኳዎች ታዩ። ወንዶቹ በመስመር ተዘርግተው አሁንም ይፈልጋሉ። ድምፃቸው ደክሟል፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ለወጉ ያህል እንደሚጣራ ይጣራሉ። ከሁሉ ፊት ያለው ሱዌሊም ነበር።

«ሻዝራ! ሻዝራ!»

ልጅቷ በእናቷ ጭን ላይ ተነቃነቀች። ወደ አያቷ ዞራ አየቻቸው።

«ልመልስ?»

«መልሺ» አሉ ዳኺል።

ሻዝራ በጀሐይሽ ጀልባ መሃል ተነስታ ቆመች፤ እናቷ ቀሚሷን ያዘቻት። ልጅቷ አየር ሳበችና ባላት አቅም ሁሉ «አቤት!» አለች።

በሩቅ ያሉት ዘንጎች ሁሉ በአንዴ ቆሙ። ከዚያ ሱዌሊም ኮፍያውን ወደ ሰማይ ወረወረ፤ ታንኳዎቹም ውሃውን እየሰነጠቁ ወደ እነሱ መጡ።